ኢንፌክሽን የሌለበት የፊኛ ሕመም፦ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ሕክምና ለማን፣ እንዴት?

ፊኛ በሽንት ሲሞላ የሚብስ፣ ሲሸና ለጥቂት ጊዜ ጋብ የሚል፣ ከዚያም ተመልሶ የሚመጣ የታችኛው ሆድ ሕመም አለ። የሽንት ምርመራው ግን ደጋግሞ ከተሕዋስያን ነጻ ሆኖ ይገኛል። ታማሚዋ የታዘዘላትን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጨርሳ ለውጥ ስታጣ ሌላ ይታዘዝላታል፤ እርሱም ሳይረዳት ሲቀር «ጭንቀት ነው» ወይም «ምንም የለብሽም» የሚል መልስ ትሰማለች።

ይህ ሕመም በሕክምናው ዓለም ስም ያለው ነው። «ኢንተርስቲሻል ሲስታይቲስ» ወይም «የፊኛ ሕመም ሲንድረም» ይባላል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር በሚሰጠው ትርጓሜ መሠረት፣ ከፊኛ ጋር የተያያዘ ሆኖ የሚሰማ ሕመም፣ ጫና ወይም ምቾት ማጣት ከስድስት ሳምንት በላይ ከቆየና ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ግልጽ ምክንያት ካልተገኘለት በዚህ ስም ይመደባል። እ.ኤ.አ በ2011 የታተመ የራንድ ተቋም ጥናት፣ በዩናይትድ ስቴትስ ከ3.3 እስከ 7.9 ሚሊዮን የሚገመቱ አዋቂ ሴቶች የዚህ ሕመም ምልክቶች እንደሚታዩባቸው ገምቷል። ከእነዚህ ሴቶች መካከል የሕመማቸው ስም የተነገራቸው ከ10 አንዷ ያህል ብቻ ነበሩ። ሕመሙ ወንዶችንም ይይዛል፤ በእነርሱ ዘንድ ብዙ ጊዜ የፕሮስቴት ችግር ይመስላል።

በኮሎምበስ ኦሃዮ፣ በኢስተንና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ መሰናክል አለበት። ከወገብ በታች ያለ ሕመም በአደባባይ አይነገርም፤ በሐኪም ፊት ሲነገርም በሌላ ቋንቋና በአስተርጓሚ በኩል ነው። ስለዚህ መፍትሔው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ስንቅ ይሆናል።

የዳሌ ወለልና ፊኛ

የዳሌ ወለል የሚባለው ከፊት ካለው የብልት አጥንት አንሥቶ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ እንደ አልጋ ጠፍር የተዘረጋ የጡንቻዎች ስብስብ ነው። ፊኛን፣ ማሕፀንንና የአንጀትን መጨረሻ ከታች ደግፎ ይይዛል። ፊኛ እየሞላ ሲሄድ እነዚህ ጡንቻዎች ሽንት እንዳያመልጥ ይጨመደዳሉ፤ በሚሸናበት ጊዜ ደግሞ ይላላሉ። አንዱ ሲይዝ ሌላው የሚለቅበት ይህ ቅንጅት በአከርካሪ ገመድና በአንጎል ቁጥጥር ሥር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ጡንቻዎቹ መላላት ሲያቅታቸው ነው። እግሩን የተመታ ሰው ሳያስበው ጡንቻውን እንደሚያጠብቅ ሁሉ፣ ፊኛው የሚያመው ሰውም ሳይታወቀው የዳሌውን ወለል ያጠብቃል። ለወራት የተጨመደደ ጡንቻ ያጥራል፤ በውስጡም ሲነኩ የሚያምሙ ቋጠሮዎች ይፈጠራሉ። የእነዚህ ቋጠሮዎች ሕመም ከቦታቸው ርቆ በፊኛ፣ በሽንት መውጫ፣ በብሽሽት ወይም በታችኛው ጀርባ ላይ ሊሰማ ይችላል። ሕመሙ ጡንቻውን ያጠብቃል፤ የጠበቀው ጡንቻ መልሶ ሕመሙን ያባብሳል። በምሕንድስና ቋንቋ ራሱን በራሱ የሚያጎላ የግብረ መልስ ዑደት ነው። ሕክምናው የሚሠራውም ይህን ዑደት በጡንቻው በኩል በመበጠስ ነው።

ኬግል ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም

ስለ ዳሌ ወለል ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያውቀው አሜሪካዊው የማሕፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ በ1948 ያስተዋወቁትን የማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴው ጡንቻው ለላላና ሽንት ለሚያመልጣት ሴት ይጠቅማል። በአገራችንም ይህ ዓይነቱ ሕክምና እንግዳ አይደለም፤ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ በ1974 ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ የሕክምናው አካል ነው።

የፊኛ ሕመም ሲንድረም ባለባትና ጡንቻዋ በጠበቀባት ሴት ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። አስቀድሞ የተጨመደደን ጡንቻ ደጋግሞ ማጨመደድ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያ የዳሌ ወለላቸው ሲነካ ለሚያማቸው ታማሚዎች ጡንቻን በእጅ የማፍታታት ሕክምና እንዲቀርብላቸው ይመክራል፤ ኬግልን የመሰሉ የማጠንከሪያ እንቅስቃሴዎች ግን እንዲወገዱ በግልጽ ያሳስባል። ከኢንተርኔት የተገኘን እንቅስቃሴ ያለ ምርመራ መጀመር የማይመከረው ለዚህ ነው።

ማስረጃው ምን ይላል?

እ.ኤ.አ በ2012 የታተመ፣ በበርካታ የሰሜን አሜሪካ የሕክምና ማዕከላት የተካሄደ ጥናት 81 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሏል። አንዱ ቡድን የዳሌ ወለልንና በዙሪያው ያሉ ጡንቻዎችን የሚያፍታታ ሕክምና አገኘ፤ ሌላው የመላ ሰውነት ማሳጅ ተደረገለት። ሁለቱም በ12 ሳምንት ውስጥ እስከ 10 ጊዜ ታከሙ። በመጨረሻም ከመጀመሪያው ቡድን 59 በመቶው፣ ከሁለተኛው 26 በመቶው በመካከለኛ ወይም በከፍተኛ ደረጃ እንደተሻላቸው ገለጹ።

ውጤቱን በልኩ ማንበብ ያስፈልጋል። ሕመም፣ የሽንት ጥድፊያና ድግግሞሽ ለየብቻ ሲለኩ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ከመጀመሪያው ቡድንም ቢሆን ከ10 አራት ያህሉ ይህን ያህል መሻሻል አላገኙም። ሕክምናው እንግዲህ ሁሉን የሚፈውስ አይደለም፤ በጡንቻ መጥበቅ ለሚሰቃዩ ግን ጥሩ ተስፋ የሚሰጥ ነው።

በሕክምናው ክፍል ውስጥ

የመጀመሪያው ቀጠሮ በአብዛኛው ጥያቄና መልስ ነው። ባለሙያዋ ታማሚዋ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሸና፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሣ፣ ምን እንደምትጠጣ ትጠይቃለች፤ ለጥቂት ቀናት የሚሞላ የሽንት መዝገብም ልትሰጥ ትችላለች። ከዚያ አተነፋፈስ፣ ሆድ፣ ዳሌና የውስጥ ጭን ጡንቻዎች ከውጭ ይታያሉ።

የውስጥ ምርመራው የሚደረገው በጓንት በተሸፈነ አንድ ጣት፣ በብልት ወይም በፊንጢጣ በኩል ነው። ባለሙያዋ የጠበቀውን ቦታ ፈልጋ በቀስታ ትጫናለች፤ ጡንቻው ሲለቅ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ይህ ያለ ታማሚዋ ፈቃድ አይደረግም። ሴት ባለሙያ መጠየቅ፣ የቤተሰብ አባል አብሮ እንዲገኝ መጠየቅ፣ በመካከል «ይብቃ» ማለት፣ ወይም በውጭ ሕክምና ብቻ መጀመር የታማሚዋ መብት ነው።

በቤት የሚሠራው ዋና ልምምድ በጥልቀት መተንፈስ ነው። አየር ሲገባ ድያፍራም ወደ ታች ይወርዳል፤ የዳሌ ወለልም አብሮ ዝቅ ብሎ ይላላል። ከዚህ ጎን ለጎን በሁለት ሽንቶች መካከል ያለውን ጊዜ ቀስ በቀስ ማራዘም ይለመዳል።

ለእኛ የሚለዩ ጉዳዮች

ግርዛት፦ እ.ኤ.አ በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። የተሰፋ ወይም ጠባሳ ያለበት አካል የውስጥ ምርመራውን ሊያከብደው ስለሚችል ከምርመራው በፊት ለባለሙያዋ መንገር ይጠቅማል።

የኖሩበት ቦታ፦ የፊኛ ቢልሃርዚያ በአዋሽ ሸለቆ፣ በጋምቤላና በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ ይገኛል። በአሜሪካ ያለ ሐኪም ይህን ላያስበው ይችላልና በእነዚህ ቦታዎች የኖረ ሰው ሊያስታውሰው ይገባል። በሽንት ላይ ደም ከታየ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ ፊዚዮቴራፒ ሳይሆን ሐኪም ይቀድማል።

ምግብና ጾም፦ ቡና፣ በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ አልኮልና ለስላሳ መጠጦች በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ሕመሙን ያነሣሣሉ። ሁሉንም ለዘለዓለም መተው አያስፈልግም፤ ለጥቂት ሳምንታት ትቶ አንድ በአንድ መመለስ የቱ እንደሚጎዳ ያሳያል። ውኃ ሳይጠጡ ረጅም ሰዓት መጾም ሽንትን ስለሚያወፍረው ፊኛን ሊቆጠቁጥ ይችላል፤ ከሐኪምና ከሃይማኖት አባት ጋር መመካከር ተገቢ ነው።

ቋንቋ፦ «ሽንቴን ያመኛል» ማለት ብቻ ወደ ኢንፌክሽን ይመራል። ሕመሙ የሚያቃጥል፣ የሚወጋ፣ የሚጫን ወይም የሚወጥር መሆኑን፣ ፊኛ ሲሞላ ይብስ እንደሆነ፣ ከግንኙነት በኋላ ይነሣ እንደሆነ ለይቶ መናገር የምርመራውን አቅጣጫ ይለውጣል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀም አይፈቀድም፤ እናትም የዚህን ዓይነት ሕመም በልጇ አፍ ለመናገር መገደድ የለባትም።

በኦሃዮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀጥታ ወደ ፊዚዮቴራፒስት መሄድ ሕጉ ይፈቅዳል፤ የጤና መድኅኑ ግን ማዘዣ ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድሞ መደወል ይሻላል። ሲደወልም «የዳሌ ወለል ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ፊዚዮቴራፒስት ይህን አይሠራምና። ምርመራው ደጋግሞ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ለቀጠለባት ሴት የሚቀጥለው ጥያቄ ሌላ መድኃኒት የመኖር አለመኖሩ ብቻ ሊሆን አይገባም። ጡንቻዎቿን የመረመረላት ሰው መኖሩንም ልትጠይቅ ይገባል።