ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት እስከ ደምቢ ዶሎ፦ የዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ የመገናኛ ብዙኃን ገጽታና የወለጋ አድማጭ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ መገናኛ ብዙኃን አከራካሪ የሆነን የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ የሚያቀርቡበትን መንገድ በዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ የፖለቲካ ሕይወት አማካይነት ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደን የኢኮኖሚክስና የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ስለ ብሪታንያው የሌበር ፓርቲ መሪ ጄረሚ ኮርቢን ያወጡትን ጥናት እንደ መመዘኛ ይወስዳል፤ ከዚያም ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙበትንና የሚለያዩበትን ነጥብ ያሳያል። ዋና መከራከሪያው፣ መገናኛ ብዙኃን የሚቀርጹት ገጽታ የሚበረታው አድማጩ ስለ ግለሰቡ ሌላ የእውቀት ምንጭ በሌለው ቦታ ነው የሚል ነው። በመጨረሻም በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ሊካሄድ የሚገባውን የመስክ ጥናት ይጠቁማል።

ቁልፍ ቃላት፦ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ፣ ተቀባይነት ማሳጣት፣ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን፣ ወለጋ፣ ነጋሶ ጊዳዳ

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ የፖለቲካ ተግባቦት ላይ የሚደረጉ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ የሚያተኩሩት በምርጫ ወቅት ለፓርቲዎች በሚመደበው የአየር ሰዓት ላይ ነው። የደቂቃ ቆጠራ ጠቃሚ መረጃ ቢሆንም፣ ሰውየው በተሰጠው ደቂቃ ውስጥ በማን አንደበት እንደተገለጸ፣ ከምን ጋር ተያይዞ እንደተነሣና የራሱ ቃል መሰማት አለመሰማቱን አይናገርም። የዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የተለየ ዕድል ይሰጣል፤ ምክንያቱም አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ የማስታወቂያ ሚኒስትር፣ ርዕሰ ብሔር፣ ከድርጅቱ የተባረረ ፖለቲከኛ፣ የግል ዕጩ፣ የተቃዋሚ ፓርቲ ሊቀ መንበር፣ በመጨረሻም በመንግሥት ክብር የተሸኘ የቀድሞ መሪ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ሰውየው አንድ ሲሆን ሚናው በተለዋወጠ ቁጥር አቀራረቡም ከተለዋወጠ፣ ለውጡ ከግለሰቡ ባሕርይ ይልቅ ከመገናኛ ብዙኃኑ አሠራር ጋር የሚያያዝ መሆኑን መመርመር ይቻላል።

2. የመመዘኛው ምንጭ

ጄረሚ ኮርቢን የሌበር ፓርቲ መሪ ሆነው የተመረጡት እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2015 ነው። የለንደኑ ጥናት ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 1 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) በስምንት ጋዜጦች የወጡ 812 ጽሑፎችን መርምሯል። በውጤቱም ከጽሑፎቹ 52 በመቶ በሚሆኑት የኮርቢን የራሳቸው አቋም ፈጽሞ አልተጠቀሰም፤ በ22 በመቶው ከዐውዱ ውጭ ወይም ተዛብቶ ቀርቧል፤ ሳይለወጥ የቀረበው በ11 በመቶው ብቻ ነው። አጥኚዎቹ ይህን ሒደት የብሪታንያ ፕሬስ ከጠባቂ ውሻነት ወደ ተናካሽ ውሻነት የተሸጋገረበት ነው ብለው ሰይመውታል።

ከጥናቱ ሦስት የተቀባይነት ማሳጫ መንገዶችን መውሰድ ይቻላል። አንደኛው ድምፅ መንፈግ ነው፤ ስለ ሰውየው ይወራል፣ ሰውየው ግን አይናገርም። ሁለተኛው ማቃለልና መሳለቅ ነው። ሦስተኛው ማያያዝ ነው፤ ሰውየው ሕዝብ ከሚፈራው ወይም ከሚጠላው ኃይል ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይቀመጣል። እነዚህ መንገዶች ለንደን ውስጥ የተለዩ ቢሆኑም በሌላ ሥርዓት ውስጥም ለመፈለጊያ ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ መመዘኛው ሳይስተካከል መወሰድ የለበትም። በብሪታንያ የኮርቢን ተቃዋሚ ሆነው የተሰለፉት በዋናነት የግል ባለሀብቶች ጋዜጦች ነበሩ፤ ደጋፊያቸው ሌላ ጋዜጣ ገዝቶ የማንበብ አማራጭ ነበረው። በኢትዮጵያ ግን ለረጅም ጊዜ ሰፊውን አድማጭ የሚደርሰው ብሮድካስት የመንግሥት ነበር።

3. የግለሰቡ የፖለቲካ ጉዞ

ዶ/ር ነጋሶ በ1935 ዓ.ም. በደምቢ ዶሎ ተወለዱ። አባታቸው ጊዳዳ ሶለን በአካባቢው የታወቁ ዓይነ ስውር ወንጌላዊ ነበሩ። ነጋሶ በጀርመን ፍራንክፈርት ባጠኑት የታሪክ ትምህርት የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙ ሲሆን፣ የመመረቂያ ጥናታቸውም በደቡብ ምዕራብ ወለጋ የሚኖረውን የሰዮ ኦሮሞ ታሪክ የሚመለከት ነው።

በሽግግሩ ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። የግል ፕሬስን በሕግ የፈቀደው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 የወጣው በዚሁ ዘመን ነው። ከነሐሴ 1987 እስከ መስከረም 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ርዕሰ ብሔር ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. በሕወሓት ውስጥ የተፈጠረው መከፋፈል ወደ ሌሎች የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች ሲዛመት ከኦሕዴድ አመራር ጋር ተጋጭተው ከድርጅቱ ተባረሩ። የሥልጣን ዘመናቸው ሲያበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 255/1994 ከኃላፊነት የለቀቀ ርዕሰ ብሔር ከፓርቲ ፖለቲካ እንዲርቅ ግዴታ ጣለ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በትውልድ ቦታቸው በደምቢ ዶሎ በግል ዕጩነት ተወዳድረው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ በዚህም ምክንያት የቀድሞ ርዕሰ ብሔር ጥቅማ ጥቅማቸውን አጡ። በኋላ አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን ተቀላቅለው እስከ ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በሊቀ መንበርነት መርተዋል።

አከራካሪነታቸው ከአንድ ወገን ብቻ የመነጨ አልነበረም። ለገዢው ፓርቲ ከውስጥ የወጡ ተቃዋሚ ነበሩ። በአንድነት ጎራ ለሚገኝ አንባቢ ደግሞ ሕገ መንግሥቱን ያወጀው አዋጅ ቁጥር 1/1987 ፊርማቸውን የያዘ ሰው ናቸው። ለኦሮሞ ብሔርተኛ አንባቢ በበኩሉ ኅብረ ብሔራዊ ፓርቲን የመሩ የወለጋ ልጅ ናቸው። ስለዚህ የትኛውም ጎራ ሙሉ በሙሉ የእኔ ብሎ የማይከላከልላቸው መሪ ነበሩ። እንዲህ ያለ መሪ ለማያያዝ ስልት ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ከየአቅጣጫው የሚነሣበት ያለፈ ታሪክ አለውና።

4. ሦስቱ መንገዶች በኢትዮጵያ ዐውድ

4.1 ድምፅ መንፈግ

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ድንጋጌው ከብሪታንያው ሁኔታ የተለየ መለኪያ ይሰጣል፤ የለንደን የግል ጋዜጣ ተቃዋሚን ባያናግር የሙያ ሥነ ምግባር ይጠየቅበታል፣ የመንግሥት ጣቢያ ግን ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ አለበት። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ የተሰማራው የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢ ቡድን የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ከሽፋናቸው ከግማሽ በላይ የሆነውን ለገዢው ፓርቲ መስጠታቸውን ገልጿል። በዚያው ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች መድረክ ያገኘው አንድ ብቻ ነው።

ድምፅ መንፈግ የሚፈጸመው በዜና ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የአንድነት ፓርቲ ልሳን የሆነው ፍኖተ ነፃነት ጋዜጣ በመንግሥት ባለቤትነት ሥር ባለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት መታተሙ ተቋርጧል። ጋዜጣው ፈቃድ፣ አዘጋጅና አንባቢ እያለው ማተሚያ ካጣ ውጤቱ ከመታገድ አይለይም። በኮርቢን ጉዳይ ለዚህ አቻ የሚሆን ነገር አይገኝም።

4.2 ማያያዝ

የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ከወጣ በኋላ ማያያዝ ከቃላት አልፎ የሕግ ክብደት ያዘ። የአንድነት ፓርቲ አመራር አባል አንዱዓለም አራጌ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ታሰሩ። ፍርድ ሳይሰጥ በኅዳር 2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «አኬልዳማ» የተሰኘውን ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም አቀረበ፤ ፊልሙም የተከሰሱ ፖለቲከኞችንና ጋዜጠኞችን ከሽብር ጋር አያይዞ አሳየ። ዶ/ር ነጋሶ የፓርቲውን ሊቀ መንበርነት የያዙት በዚህ ድባብ ውስጥ ነው። አንድ መሪ በስሙ ባይከሰስም የሚመራው ፓርቲ ስም በዘጋቢ ፊልም ከሽብር ጋር ከተነሣ፣ ተመልካቹ ግንኙነቱን ራሱ ያጠናቅቀዋል። ፓርቲው በ2005 ዓ.ም. «የሚሊዮኖች ድምፅ ለነፃነት» በሚል የጀመረው ዘመቻ ይህንኑ አዋጅ የተቃወመ መሆኑ፣ ጉዳዩ ለፓርቲው የህልውና ጥያቄ እንደነበረ ያመለክታል።

4.3 ማቃለል

በብሪታንያ ማቃለል በልብስ፣ በአነጋገርና በካርቱን ይገለጣል። በዶ/ር ነጋሶ ጉዳይ ግን የክርክሩ ማዕከል ጥቅማ ጥቅም ሆነ፤ ቤት፣ መኪና፣ ሕክምና። ይህ ርዕስ ሁለት ስለት አለው። በአንድ በኩል የቀድሞ ርዕሰ ብሔር ችግር ላይ መውደቁን የሚዘግብ ጋዜጣ አዘኔታ ይፈጥራል። በሌላ በኩል የፖለቲካ ሐሳቡ ወደ ኋላ ተገፍቶ ሰውየው የኑሮ ጉዳይ ባለቤት ብቻ ሆኖ ይቀራል። የግል ዕጩነት በአዋጁ የፓርቲ ፖለቲካ ሊባል ይችላልን የሚለው የሕግ ጥያቄ ከመኪናው ወሬ ያነሰ ቦታ ካገኘ፣ ወዳጅ የሆነ ዘገባም ቢሆን ሳያስበው የማቃለልን ሥራ ይሠራል።

5. የወለጋ አድማጭ

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከዚያ በብዙ ትሻገራለች። የአማርኛ የግል ጋዜጦች ገበያ በዋናነት አዲስ አበባ በመሆኑ የወለጋ ከተሞች ሕዝብ በብዛት የሚያገኘው ሬዲዮ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ ፋና፣ በአጭር ሞገድ ደግሞ የአሜሪካ ድምፅና የጀርመን ድምፅ። የአሜሪካ ድምፅ የአፋን ኦሮሞ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሩ ለአካባቢው ከመንግሥት ውጭ የሆነ የራሱ ቋንቋ ምንጭ ሰጠ። ከ2002 ዓ.ም. ምርጫ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ሲታፈን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እርምጃውን በይፋ መደገፋቸው የዚህን ምንጭ ክብደት ያሳያል።

የኦሮሞን ጉዳይ የሚዘግብ የግል ጋዜጣም ዕድሜው አጭር ነበር። የኡርጂ ጋዜጣ አዘጋጆች በ1990 ዓ.ም. ታስረው ጋዜጣው ተቋርጧል። ይህ የሆነው ዶ/ር ነጋሶ ርዕሰ ብሔር በነበሩበት ጊዜ መሆኑ ሊታለፍ አይገባም። የርዕሰ ብሔሩ ሥልጣን በአብዛኛው ሥነ ሥርዓታዊ ቢሆንም፣ በኋላ ድምፅ የተነፈጉት መሪ በቀደመው ዘመን የሌሎች ድምፅ ሲዘጋ የሥርዓቱ አካል ነበሩ። ጥናት ይህን ሳያነሣ ቢያልፍ ወደ ውዳሴ ይለወጣል።

ታዲያ በ1997 ዓ.ም. የደምቢ ዶሎ መራጭ ከድርጅቱ የተባረረን ሰው ያለ ፓርቲ ድጋፍ ለምን መረጠ? አንዱ መልስ የዚያ ዓመት የምርጫ ዘመቻ ከቀደሙትና ከተከተሉት ይልቅ ክፍት መሆኑ ነው፤ የፓርቲዎች ክርክር በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ይህ መልስ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። ደምቢ ዶሎ ላይ ነጋሶ ጊዳዳ የዜና ስም ብቻ አልነበሩም፤ የወንጌላዊው ልጅ፣ የአካባቢውን ታሪክ በትውልድ ሐረግና በሽማግሌ ቃል ያጠኑ ምሁር ነበሩ። መራጩ ሬዲዮው የሚለውን ከሚያውቀው ጋር የማመዛዘን አቅም ነበረው።

ለዚህ መላ ምት ያልተጠበቀ ማነጻጸሪያ ከለንደን ይገኛል። በፕሬሱ እጅግ የተብጠለጠሉት ኮርቢን እ.ኤ.አ. በ2019 ምርጫ ፓርቲያቸውን ወደ 202 መቀመጫ ዝቅታ መርተው ከመሪነት ለቀቁ። ሆኖም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2024 ከፓርቲያቸው ውጭ በግል ዕጩነት ቀርበው ከ1983 ጀምሮ የወከሉትን ኢዝሊንግተን ኖርዝን አሸነፉ። በሀገር ደረጃ በገጽታቸው የተጎዱ ሁለት ፖለቲከኞች በቅርብ በሚያውቃቸው ሕዝብ ዘንድ ያለ ፓርቲ መመረጣቸው የምክንያትና ውጤት ማስረጃ አይሆንም፤ ሊፈተን የሚገባው ጥያቄ ግን ግልጽ ይሆናል። ኮርቢን በአንድ ምርጫ ክልል ለአሥርተ ዓመታት ሠርተዋል፤ ነጋሶ ደግሞ የትውልድ ቦታ ትስስር ነበራቸው። ስለዚህ የቅርበቱ ዓይነት ራሱ ተለይቶ መጠናት አለበት።

6. ከሞት በኋላ ያለ ሽፋን

ዶ/ር ነጋሶ ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በጀርመን ሀገር አረፉ። ቀብራቸው በመንግሥት ደረጃ ተፈጸመ፤ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃንም በክብር ዘገቡት። ከሦስቱ መንገዶች ውጭ የሆነ አራተኛ አቀራረብ እዚህ ይታያል። ሰውየው ይከበራል፣ ክርክሩ ግን ከእርሱ ጋር ይቀበራል። የሐዘን ዘገባ ስለ ትሕትናና ስለ ሐቀኝነት ሲናገር፣ አዋጅ ቁጥር 255/1994 ወይም የማተሚያ ቤቱ ጉዳይ ካልተነሣ፣ ተመልካቹ ሰውየው ለምን ተቃዋሚ እንደሆነ ሳያውቅ ያዝናል። ድምፅ መንፈግ በውዳሴም ሊፈጸም ይችላል።

7. መደምደሚያና የቀጣይ ጥናት አቅጣጫ

ከላይ የተነሡት ነጥቦች ሦስት ድምዳሜዎችን ይደግፋሉ። አንደኛ፣ በለንደን የተለዩት የተቀባይነት ማሳጫ መንገዶች በኢትዮጵያም ይታያሉ፤ ነገር ግን እዚህ ከሕግ፣ ከማተሚያና ከሞገድ ቁጥጥር ጋር ተጣምረው ስለሚሠሩ የጽሑፍ ይዘት ትንተና ብቻውን አይደርስባቸውም። ሁለተኛ፣ ወዳጅም ሆነ ተቃዋሚ የሆነ ዘገባ ሐሳብን በግል ኑሮ ከተካ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። ሦስተኛ፣ አድማጩ ባዶ ዕቃ አይደለም፤ የአካባቢ ትውውቅ የመገናኛ ብዙኃንን ገጽታ ሊገዳደር ይችላል።

ሦስተኛው ድምዳሜ በመስክ መፈተን ይኖርበታል። ለዚህ ሁለት ከተሞችን ማወዳደር ይጠቅማል፦ ትውውቁ የጠበቀባትን ደምቢ ዶሎንና ስማቸው በአብዛኛው በሬዲዮ የተሰማባትን ነቀምቴን። በአዲስ ዘመንና በበሪሳ ጋዜጦች የ1987፣ የ1993፣ የ1997 እና የ2011 ዓ.ም. ዕትሞች ላይ የሚደረግ የይዘት ትንተና ለአማርኛና ለአፋን ኦሮሞ አንባቢ የቀረበው ምስል አንድ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። ከዚያም በሁለቱ ከተሞች ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ ከሆኑ አድማጮች ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ሰዎቹ የሚያስታውሱት የትኛውን ምስል እንደሆነ ይለያል። ጋዜጦቹ በቤተ መዛግብት ይቆያሉ፤ የዚያን ዘመን ሬዲዮ በጆሮው የሰማው ትውልድ ግን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ሥራዎች ቃለ መጠይቁ መቅደም ይገባዋል።