ስለ ሞራና ስለ ላት፤ የሴቶች ውፍረት በልብ ላይ ስለሚያመጣው ጕዳት

በግ ያረደ ሰው ሁሉ ስብ ሁለት ዓይነት መሆኑን ያውቃል። አንደኛው አንጀትን እንደ መረብ የሚሸፍነው ሞራ ነው፤ ሁለተኛው ከበስተኋላ የሚንጠለጠለው ላት ነው። ሞራ ገላጮች የሰውን ዕድል ከበግ ሞራ እናነባለን ይላሉ፤ የራስን ሞራ መመርመር ግን ይበልጥ ይጠቅማል። በሴቶችም ዘንድ ስቡ በሆድ ውስጥ ሲከማችና በዳሌ በጭን ላይ ሲያርፍ ውጤቱ እጅግ የተለያየ ነውና።

ይህን ልዩነት አስተውሎ የጻፈው ዣን ቫግ የተባለ የማርሴይ ሐኪም ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር 1947 ነው። ኋላም በ52 አገሮች ከ27000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ምርመራ ተደርጎ በዚሁ አቆጣጠር በ2005 ታተመ፤ ክብደትን ከቁመት ጋራ ከማመዛዘን ይልቅ ወገብን ከዳሌ ጋራ ማመዛዘን የልብን ድንገተኛ ሕመም አብልጦ እንደሚያመለክት ተገለጠ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በአንጀት ዙሪያ ያለው ሞራ ቅባቱን የሚለቀው በቀጥታ ወደ ጉበት በሚወስደው የደም ሥር ነው። ጉበትም ቅባት ሲበዛበት የደም ስኳርና የደም ቅባት ይጨምራል፤ የደም ግፊትም ይነሣል፤ የልብ ደም ሥሮችም እያደር ይጠባሉ። የዳሌና የጭን ስብ ግን እንደ ጎተራ ነው፤ ቅባቱን ይዞ ያስቀምጣል እንጂ ቶሎ ወደ ደም አይበትንም። የወር አበባዋ ከተቋረጠ በኋላ ግን የሴት ስብ ወደ ሆድ ያደላል።

በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከልክ በላይ የወፈሩት በአውሮጳ አቆጣጠር በ2000 ከመቶ 3 ያህል ነበሩ፤ በ2016 ግን ከመቶ 8 ሆኑ። ይህም ከገጠር ይልቅ በከተማ ይበዛል። እንደ ቆቃ ባለች የመኪና መንገድ ዳር ከተማ ተቀምጣ ለምትነግድ ሴት «ደላሽ፣ አማረብሽ» ይባልላታል። ተናጋሪው በክፋት አይደለም፤ ነገር ግን መቀነቱ እያጠራት የሄደች ሴት ደልቷት ሳይሆን ታማ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ሴቶች በሚዛን እኩል ቢሆኑ፣ የአንደኛዋ ወገብ 95 ዳሌዋ 100 ሳንቲ ሜትር፣ የሁለተኛዋ ወገብ 78 ዳሌዋ 110 ቢሆን፣ ወገቡ ለዳሌው ሲካፈል የፊተኛዋ 0.95 የኋለኛዋ 0.71 ይወጣል። ለሴት 0.85 ከደረሰ አደጋ አለበት። ወገብም ብቻውን ከ80 ሲያልፍ መጠንቀቅ፣ ከ88 ሲያልፍ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊትንና ስኳርን ማስለካት ይገባል።

አለካኩ በልብስ ሰፊ ሜትር፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ነው፤ ሴትን ሴት ብትለካት ይሻላል። እርጉዝ አትለካም። መቀነት አጥብቆ መታጠቅ ሞራውን አያቀልጠውም፤ በየቀኑ ፈጠን ብሎ በእግር መሄድ ግን ክብደቱ ገና ብዙ ሳይቀንስ የሆዱን ስብ ያጎድላል።