ስለ ሕመም ፍርሃትና ስለ ሐኪም ምክር

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ ቀጥሎ፤

ወንድሜ ሆይ! አካልህ አላህ በእጅህ ያኖረው አደራ መሆኑን ዕወቅ። በዚህ አደራ ሰዎች በሁለት መንገድ ይሳሳታሉ። አንደኛው «በአላህ ተመክቻለሁ» እያለ ሐኪም ዘንድ አይደርስም። ሁለተኛው ከሐኪም ወደ ሐኪም ይዞራል፤ የአንዱንም ቃል አያምንም።

ለፊተኛው መልሱ ይህ ነው። የገጠር ዐረቦች መጥተው ስለ መታከም በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲታከሙ አዘዟቸው፤ ከእርጅና በቀር አላህ ፈውስ ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነገሯቸው። ኸሊፋው ዑመርም ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለው ስፍራ የወረርሽኙን ወሬ ሰምተው፣ ተማክረው፣ ሰዎቹን ይዘው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይደለምን ብለው ቢጠይቋቸው፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ መሄድ መሆኑን አስረዱ። ያም በ18 ዓመተ ሂጅራ (639 እ.ኤ.አ.) ብዙ ሰው የፈጀው የዐምዋስ ወረርሽኝ ነው። እንግዲህ መድኃኒትም ከቀደር ውጭ አይደለም።

ሆኖም ሐኪም ነኝ ያለ ሁሉ አይታመንም። ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። የፊቅህ ሊቃውንት ግን በሽተኛው በረመዷን ይጹም ወይስ ያፍጥር በሚለው ጉዳይ የዐዋቂና የታማኝ ሐኪምን ቃል ይቀበላሉ። በጾም ላይ ቃሉ የሚሰማ ከሆነ በደም ግፊትህና በሳልህ ላይ እንዴት አይሰማም? የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሳይሰማ ይጎዳል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል፤ ሳሉ ስለ ቆመ የሚያቋርጥ ሰው በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ በር ይከፍታል።

ለሁለተኛውም እንዲህ እንላለን። በሱቁ ተቀምጦ ጣቱን ከደም ሥሩ ላይ የማያነሣ ነጋዴን አስብ። ሐኪሙ መርምሮ ልቡ ደኅና መሆኑን ነግሮታል፤ ሌላውም ሐኪም ይህንኑ አጽንቷል። ሁለት ቀን ይረጋጋል፤ በሦስተኛው ይጠራጠራል። መንገድ ላይ እወድቃለሁ ብሎ የሱብሒን ጀማዓ ትቷል፤ ልጆቹም በአባታቸው ፊት መሣቅ ፈርተዋል። የሚሰማው የልብ ትርታ ውሸት አይደለም፤ ፍርሃት ራሱ ልብን ያስመታል፤ ልብ ሲመታም ፍርሃት ይጨምራል።

ወንድሜ ሆይ! የቡናህን ኬሻ በትክክለኛ ሚዛን ከመዘንህ በኋላ ዐሥር ጊዜ ብትደጋግመው ክብደቱ አይለወጥም፤ የሚያልፍህ ገበያው ነው። ውዱእ ማድረጉን ያረጋገጠ ሰው በጥርጣሬ ብቻ ውዱኡ እንደማይፈርስ ታውቃለህ። የሐኪም ምርመራ ፍጹም ባይሆንም፣ በማስረጃ የቆመውን ቃል ማስረጃ በሌለው ሥጋት አታፍርሰው።

በ934 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሊቁ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ፍርሃትንና ወስዋስን ከነፍስ ሕመሞች ቈጥረው፣ ባለ ወስዋስ ብቻውን እንዳይቀመጥና በሥራ እንዲጠመድ መክረዋል። ዛሬም ሐኪሞች ይህን ፍርሃት እንደ ሕመም ቈጥረው በንግግር፣ ሲያስፈልግም በመድኃኒት ያክሙታል። ስለዚህ የኢማን ጉድለት መስሎህ አትፈር፤ ለሐኪምህ ከሌላው ሕመምህ ጋር ንገረው።

እንግዲህ አንድ የታመነ ሐኪም ያዝ። እንደ ቀዶ ሕክምና ባለ ከባድ ጉዳይ ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕረፍ። ደረትህን የሚጨምቅ ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ወገን መዛል ቢደርስብህ ወስዋስ ነው ብለህ አትዘግይ፤ በዚያው ሰዓት ሂድ። ዱዓእንና ቁርኣንን ከመድኃኒቱ ጋር አድርግ እንጂ በመድኃኒቱ ምትክ አታድርግ።

እናንተም ቤተ ሰቦች ሆይ! በፈራው ላይ አትሣቁበት፤ በየሰዓቱም «ደኅና ነህ» እያላችሁ ፍርሃቱን አትመግቡት። እጁን ይዛችሁ ወደ መስጊዱ፣ ወደ ሱቁ፣ ወደ ወዳጆቹ መልሱት።

አላህ ሆይ! ለታመሙት ሽፋእን፣ ለፈሩት እርጋታን፣ ለሚያክሙት ዕውቀትንና አማናን ስጥልን። አሚን።