ማስክ ማድረግ የማይችል ተገልጋይና የአገልግሎት ሰጪ ተቋማት ኃላፊነት

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ክፍል ያነበበ ሰው ከማስክ ግዴታ ነጻ የሚሆነው ማን እንደሆነ ይለያል፤ አንድ ተቋም ማስክ ያላደረገን ሰው መግቢያ ላይ ሊያስቆም የሚችልበትን ምክንያትና ገደቡን ይረዳል፤ በተገልጋይና በጥበቃ ሠራተኛ መካከል የሚነሣን አለመግባባት ያለ ጠብ መፍታት ይችላል።

1. የአለመግባባቱ መነሻ

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት “ማስክ ከሌለ አገልግሎት የለም” የሚለው ማሳሰቢያ በባንኮች፣ በመድኃኒት ቤቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በር ላይ ይታይ ነበር። ማሳሰቢያው ብዙዎችን ከበሽታ ይጠብቅ ነበር። ሆኖም ማስክ ሳያደርጉ በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ማስኩን ቤቱ ረስቶ የመጣ ነው፤ ሌላው ማድረግ እየቻለ የማይፈልግ ነው፤ ሦስተኛው ግን በጤናው ምክንያት ማድረግ የማይችል ነው። ለጥበቃ ሠራተኛው የሚታየው ያልተሸፈነ ፊት ብቻ በመሆኑ ሦስቱንም በአንድ ቃል ይመልሳቸዋል። ለረሳው ሰው ማስክ ማግኘት፣ ለማይፈልገው ክልከላ፣ ለማይችለው ደግሞ ሌላ የአገልግሎት መንገድ ያስፈልገዋል። ይህ ልዩነት ሳይጠየቅ ሲታለፍ ክርክር ይነሣል።

2. ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ፣ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ታወጀ። አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግን ግዴታ አደረገ። የአዋጁ ጊዜ ሲያበቃ ግዴታው በጤና ሚኒስቴር መመሪያ ቁጥር 30/2013 ቀጥሎ ነበር። መመሪያው ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሕጻናትንና በማስረጃ የተረጋገጠ የመተንፈስ ወይም መሰል የጤና ችግር ያለባቸውን ሰዎች ከግዴታው ነጻ አድርጎ ነበር። የመንግሥትም ሆኑ የግል ተቋማት ማስክ ላላደረገ ሰው አገልግሎት እንዳይሰጡም ደንግጎ ነበር።

ስለዚህ መመሪያው በሚሠራበት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ማስክ ያላደረገን ሰው ማስቆም የተቋሙ ኃላፊነት ነበር። ነገር ግን ይህ ኃላፊነት ከሌሎች ሕጎች ጋር አብሮ ይታያል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ያዝዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አካል ጉዳተኞች ከአገልግሎት እንዳይገለሉ ይጠይቃል። በመሆኑም መከልከል የተፈቀደበት ሁኔታ ቢኖርም ማዋረድ የተፈቀደበት ሁኔታ የለም።

3. ማስክ ማድረግ የማይችለው ማን ነው?

አስም አለብኝ ማለት ብቻውን ከማስክ ነጻ አያደርግም። ሕመማቸው በመድኃኒት የተስተካከለላቸው አብዛኞቹ የአስም ታማሚዎች ማስክ ማድረግ ይችላሉ፤ የጨርቅ ማስክ አየር ስለሚያሳልፍ ኦክስጅን አይከለክልም። በአንጻሩ በረፍት ላይ እያሉ እንኳ መተንፈስ የሚቸግራቸው ጽኑ የሳንባ ሕመምተኞች፣ እጃቸው ስለማይታዘዝላቸው ማስኩን ያለ ሌላ ሰው እርዳታ ማውለቅ የማይችሉ ሰዎች፣ እንዲሁም ፊታቸው ሲሸፈን ከፍተኛ ጭንቀት ውስጥ የሚገቡ አንዳንድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ልዩ አስተያየት ያስፈልጋቸዋል። ሙቀት፣ የመነጽር መደብዘዝ ወይም አለመልመድ ግን በቂ ምክንያት አይደሉም።

ማስረጃ የሚሰጠው ታማሚውን የመረመረው ጤና ተቋም ነው። ማስረጃው የበሽታውን ስም መዘርዘር አያስፈልገውም፤ ግለሰቡ በጤና ምክንያት ማስክ ማድረግ እንደማይችል መግለጹ ለበር ላይ ጥያቄ ይበቃል። በገንዘብ የሚገዛ ካርድ ማስረጃ አይሆንም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 የመንግሥት የሚመስል አርማ የታተመባቸው ሐሰተኛ “ከማስክ ነጻ” ካርዶች ተሰራጭተው የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ሕዝቡን አስጠንቅቋል። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሰብአዊ መብት ሸንጎ በበኩሉ፣ ያለ ማስክ እንዳትገባ የተከለከለች የአንድ መደብር ደንበኛ ያቀረበችውን አቤቱታ እ.ኤ.አ. ማርች 2021 ውድቅ አድርጓል፤ ምክንያቱም ማስክ ለመተንፈስ ያስቸግረኛል ከማለት በቀር አካል ጉዳት እንዳለባት የሚያሳይ ፍሬ ነገር አላቀረበችም። ሐሰተኛ ማስረጃ በበዛ መጠን የሚጎዳው እውነተኛው ታማሚ ነው፤ የሚያምነው ሰው ያጣልና።

4. በር ላይ ምን ይደረግ?

በሐዋሳ ከተማ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ አንዲት ጽኑ የሳንባ ሕመም ያለባቸው እናት ለጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መጡ እንበል። ጥበቃው “እማማ፣ ያለ ማስክ አይገባም” ብሎ ቢመልሳቸው የመጡበት ጉዳይ ሳይፈጸም ይቀራል። ዝም ብሎ ቢያስገባቸው ደግሞ በተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥ ለሌላውም ለራሳቸውም አደጋ ይሆናል። የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው በኮቪድ-19 ቢያዝ ሕመሙ የሚጸናበት ዕድል ከፍ ያለ ነውና እርሳቸው ከማንም በላይ ጥበቃ ያሻቸዋል። ትክክለኛው መንገድ በጥላ ሥር ወንበር ሰጥቶ ሠራተኛው ወደ እርሳቸው እንዲወጣ ማድረግ ነው። ስለዚህ ተቋማት፦

• ማሳሰቢያውን በአማርኛና በሲዳምኛ በግልጽ ይለጥፉ፤ ማስክ ማድረግ የማይችል ሰው ማንን መጠየቅ እንዳለበትም ይጨምሩበት።
• ለረሱ ሰዎች ማስክ በመግቢያው ያዘጋጁ ወይም በአቅራቢያ የሚገኝበትን ይጠቁሙ።
• ጥበቃው ሁለት ሜትር ርቆ፣ ድምፁን ሳያሰማ “በጤና ምክንያት ነው?” ብሎ ይጠይቅ፤ የበሽታውን ዓይነት ግን አይጠይቅ።
• ማስክ ማድረግ ለማይችለው ሰው ከበር ውጭ፣ በስልክ፣ በተወካይ ወይም ሰው በማይበዛበት ሰዓት አገልግሎቱን ይስጡ።
• የከንፈር እንቅስቃሴ አይተው ለሚረዱ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በጽሑፍ ያስረዱ።

ጤና ተቋማት ድንገተኛ ሕመም ያጋጠመውን ሰው በማስክ ምክንያት ሊመልሱ አይገባም። ባለሙያው ተገቢውን መከላከያ አድርጎ፣ ታማሚውን ከሌሎች ለይቶ ያክመዋል።

5. የተገልጋዩ ድርሻ

ማስክ ማድረግ የማይችል ሰው ሌሎቹን ጥንቃቄዎች የመተው ፈቃድ አላገኘም። ርቀቱን ይጠብቃል፤ እጁን ይታጠባል፤ ሲያስነጥስና ሲያስል በክርኑ ይሸፍናል፤ በባጃጅ ሲጓዝ ቢቻል ብቻውን ይሳፈራል። ማስረጃውን ይዞ ይወጣል፤ ተቋሙ ውጭ ላስተናግድህ ቢለው አገልግሎቱን እስካገኘ ድረስ እንደ ውርደት አይቆጥረውም። ጥበቃው የታዘዘውን የሚፈጽም፣ ቀኑን ሙሉ ከብዙ ሰው ጋር ፊት ለፊት የሚቆምና ራሱም ለበሽታው የተጋለጠ ሠራተኛ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ስምምነት ካልተደረሰ በር ላይ መጯጯህ ትንፋሽን ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም። ተገልጋዩ የተቋሙን ኃላፊ ይጠይቅ፤ መፍትሔ ካጣ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ያመልክት። ተቋሙም ቢሆን ሰውን መግፋት ወይም መምታት አይችልም፤ አልወጣም ያለን ሰው በተመለከተ ፖሊስ ይጠራል። ስለ በሽታው ለሚነሣ ጥያቄ በነጻ የስልክ መስመሮች 8335 እና 952 ምክር ይገኛል።

ማጠቃለያ

የማስክ ግዴታ የወጣው ሰውን ከበሽታ ለመጠበቅ ነው፤ ከግዴታው ነጻ መሆንም የተፈቀደው ለዚሁ ዓላማ ነው። ተቋሙ በሩን ሲጠብቅ ለማይችለው ሰው ሌላ መንገድ ካዘጋጀ፣ ተገልጋዩም እውነተኛ ማስረጃ ይዞ ከቀረበ፣ ሁለቱም መብታቸውን ሳያጡ ይለያያሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትሠሩበት ወይም በምትገለገሉበት ተቋም ማስክ ማድረግ የማይችል ሰው የሚስተናገድበት መንገድ ተዘጋጅቷል? ካልተዘጋጀ በምን መልክ ሊዘጋጅ ይችላል?
2. አንድ ወጣት ምክንያቱን ሳይገልጽ “ማስክ አላደርግም” ቢል ጥበቃው ምን ሊያደርግ ይገባል?
3. የተገልጋይን የጤና ምስጢር ሳይነኩ ማስረጃን መመልከት የሚቻለው እንዴት ነው?