ትምህርት 12፦ የሥራን ቅደም ተከተል የሚገልጽ ድርሰት

መግቢያ

ድርሰት የሚጻፈው ታሪክን ለመተረክ ወይም ስሜትን ለመግለጽ ብቻ አይደለም። አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን ለሌላ ሰው በጽሑፍ ማስረዳትም ራሱን የቻለ የድርሰት ዓይነት ነው። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ዋና ውበቱ ቅደም ተከተሉ ነው። የወጥ አሠራር ሲጻፍ አንድ ነገር ቢዘለል ወጡ አልጫ ይሆን ይሆናል። የከባድ መኪና መሪ ጥገና ሲጻፍ አንድ ነገር ቢዘለል ግን የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ የትኛው ሥራ ከየትኛው እንደሚቀድምና ለምን እንደሚቀድም ልብ በሉ።

ሀ/ ምንባብ፦ ወደ አንኮበር የሚወርድ መኪና

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሸዋ ደጋ ተቆርጦ ወደ ቆላው በሚወርድበት ጠርዝ ላይ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1841 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝ መልእክተኞች ከታጁራ ተነሥተው ወደ አንኮበር ሲመጡ በረሓውን ያቋረጡት በግመል ነበር። ገደላማውን ዳገት ግን ግመል አይደፍረውምና ጓዛቸውን ወደ ላይ ያወጣው የሰው ትከሻ ነበር። ያን ጊዜ ሰው በትከሻው የተሸከመውን ዛሬ የጭነት መኪና ይሸከመዋል፤ ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው። ከደብረ ብርሃን የተነሣ መኪና በገብስ ማሳዎች መካከል ሲጓዝ ቆይቶ ጠርዙ ላይ ሲደርስ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ጉምም ብዙ ጊዜ ገደሉን ይሸፍነዋል። በዚያ ቁልቁለት ላይ የሾፌሩ ሕይወት በመሪው ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አንድ ማለዳ ሲሚንቶ የጫነ መኪና በደብረ ብርሃን በአንድ ጋራዥ በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ወደ ሽማግሌው መካኒክ ቀረበና፣ «ጋሼ፣ መሪው ትንሽ ላላብኝ። ዛሬ አንኮበር መድረስ አለብኝና በቶሎ ጠበቅ ያድርጉልኝ» አለ።

«ምን እንደ ላላ ሳናውቅ ምኑን እናጠብቃለን?» አሉ መካኒኩ። «መጀመሪያ ሕመሙ ይታወቅ፤ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።»

የከባድ መኪና መሪ ከሾፌሩ እጅ እስከ ጎማው ድረስ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። መሪው ሲዞር በውስጡ ጥርሶች ያሉበትን የመሪ ሳጥን ያሠራል፤ ሳጥኑ አንድ አጭር ክንድ ያንቀሳቅሳል፤ ክንዱ ዘንግ ይገፋል ወይም ይስባል፤ ዘንጉም አንዱን የፊት ጎማ ያዞራል። ከዚያ ጎማ ወደ ሌላው የተዘረጋው አግድም ዘንግ ደግሞ ሁለተኛውን ጎማ ያስከትላል። በዘንጎቹ ጫፍ ላይ፣ በጎድጓዳ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ የብረት ኳስ አለ። ጎማዎቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞሩት ፔርኖ በሚባል ወፍራም የቁም ብረት ላይ ነው። ግራሶ ሲያልቅና አቧራና ጭቃ ሲገባባቸው ኳሱም ፔርኖውም እየተበሉ ይሄዳሉ።

መካኒኩ ረዳታቸውን ከመሪው ፊት አስቀመጡት። እርሱ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ጥቂት ሲነቀንቅ፣ እርሳቸው ጎንበስ ብለው መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። በአግድሙ ዘንግ የቀኝ ጫፍ ላይ ኳሱ በቤቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲላወስ አዩ። የፊት ጎማዎቹም በአንድ ወገን ብቻ ተበልተው ነበር።

ሾፌሩ፣ «ታዲያ በብየዳ አይያዝም? አንድ ቀን ብቻ ቢያደርሰኝ ይበቃኛል» አለ።

«አይሆንም ልጄ» አሉ መካኒኩ። «የመሪ ብረት በእሳትና በማቀዝቀዝ ተመጥኖ የጠነከረ ነው። ብየዳ ሲነካው ጥንካሬው ይበላሻል፤ ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያ ኳስ ቁልቁለቱ ላይ ከቤቱ ቢወጣ አንዱ ጎማ ወደ ተራራው ሲዞር ሌላው ወደ ገደሉ ይዞራል። መሪው በእጅህ ይኖራል፤ መኪናው ግን በእጅህ አይኖርም። የተበላ የመሪ ዕቃ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።»

ሾፌሩ የቀኑ ገቢ መቅረቱ ቢቆጨውም ተስማማ። ሲሚንቶው ከወረደ በኋላ መኪናው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ቆመ። የእጅ ፍሬኑ ተያዘ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ የኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ተደረገባቸው። ከዚህ በኋላ መኪናው የፊት አክሱ ላይ በክሪክ ተነሣ፤ ወዲያውም ከአክሱ ሥር በግራና በቀኝ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ገባ። ረዳቱ መቆሚያዎቹ ከመግባታቸው በፊት ከሥር ሊገባ ሲል መካኒኩ ክንዱን ያዙት። «ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም» አሉት። «ድንጋይም አትመን፤ ድንጋይ ሳይነግርህ ይፈነከታል።»

ጎማው ከመሬት ከተነሣ ዘንድ መካኒኩ አንድ እጃቸውን ከጎማው አናት፣ ሌላውን ከግርጌው አድርገው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቀነቁት። አልተነቃነቀም። ቢነቃነቅ ኖሮ ረዳቱ ፍሬን እንዲረግጥ ያደርጉ ነበር፤ ፍሬን ሲያዝ መነቃነቁ ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ፣ ካልጠፋ ደግሞ የፔርኖው ነው።

ከዚያም ዳዶው እንዳይፈታ በቀዳዳው ያለፈውን ሽቦ አውጥተው ዳዶውን ፈቱ። ኳሱን ከክንዱ ያላቀቁት በመዶሻ እየደበደቡ ወይም በእሳት እያጋሉ ሳይሆን በመንቀያ ነው። ቀጥሎም ጫፉን አጥብቆ የያዘውን ቡሎን አላልተው አሮጌውን ጫፍ ከዘንጉ ሲያወጡ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ቆጠሩ። አዲሱንም ያንኑ ያህል አዙረው አስገቡት፤ የዘንጉ ርዝመት ከተለወጠ ጎማዎቹ ትይዩ አይሆኑምና። የኳሱን ሾጣጣ እግርና የሚገባበትን ቀዳዳ ወልውለው ገጠሙ። ዳዶውንም ጥብቀት በሚለካ መፍቻ፣ የመኪናው ሠሪ ባዘዘው መጠን አጠበቁት። ቀዳዳው ከሽቦው ጋር አልገጥም ሲል ዳዶውን ወደ ኋላ አላላሉትም፤ ጥቂት ጨምረው በማጥበቅ አገናኙት እንጂ። አዲስ ሽቦ አስገብተው አጠፉ፤ የዘንጉን ቡሎን መልሰው አጠበቁ፤ ግራሶም ሞሉ።

መኪናው ወደ መሬት ከወረደ በኋላ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ከፊትም ከኋላም ለክተው ከሠሪው ትእዛዝ ጋር አስተያዩ። መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙረው ዘንጉ ከምንም ነገር ጋር እንደማይነካካ አረጋገጡ። በመጨረሻም ባዶው መኪና በሜዳ ላይ በዝግታ ተሞክሮ ተመለሰ፤ ዳዶዎቹና ቡሎኖቹም እንደገና ተፈተሹ።

ረዳቱ መሬት የወደቀውን አሮጌ ሽቦ አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ ይኸ ገና ደኅና ነበር፤ ለምን ጣሉት?» ሲል ጠየቀ።

«አንድ ጊዜ የታጠፈ ሽቦ ሁለተኛ ሲታጠፍ ይደክማል» አሉ። «ሽቦው ቢሰበር ዳዶው ይፈታል፤ ዳዶው ቢፈታ ኳሱ ይወጣል። ያ ሁሉ ሲሚንቶ፣ ያም ሰው፣ በዚህች ሽቦ ላይ ነው የሚጓዘው።»

በማግስቱ መኪናው ጭነቱን ይዞ ወደ አንኮበር ተጓዘ። ጠርዙ ላይ ጉም ነበር። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ጎማዎቹ ሁለቱም ወደ ግራ ዞሩ።

ለ/ የቃላት ጥናት

በጋራዥ ከሚነገሩት ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የሚከተሉትን ተመልከቱ።

ዳዶ፦ ቡሎንን የሚያጠብቅ ባለጥርስ ቀለበት። በጣሊያንኛ የመጫወቻ ዛርም በዚሁ ስም ይጠራል።
ቡሎን፦ በዳዶ የሚታሰር ባለጥርስ ብረት።
ግራሶ፦ መጋጠሚያ እንዳይፋጭ የሚያለሰልስ ወፍራም ቅባት። የጣሊያንኛ ፍቺው ስብ ማለት ነው።
ፔርኖ፦ ሌላ አካል የሚዞርበት ብረት።
ኩሽኔታ፦ ተሽከርካሪ አካል ሳይፋጭ እንዲዞር የሚያደርግ ባለኳስ ወይም ባለዘንግ ቀለበት።
ክሪክ፦ መኪናን ከመሬት የሚያነሣ መሣሪያ።

እነዚህ ቃላት ወደ አማርኛ ከገቡ በኋላ የአማርኛን ሥርዐት ይከተላሉ። «ዳዶው»፣ «ቡሎኖቹ»፣ «በክሪክ» ስንል የውጭውን ቃል በራሳችን ሰዋስው እንገዛዋለን ማለት ነው።

ሐ/ ሰዋስው፦ ቦዝ አንቀጽና የድርጊት ቅደም ተከተል

ቦዝ አንቀጽ በራሱ ዐረፍተ ነገርን አይዘጋም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ በቦዝ አንቀጽ የተነገረው ድርጊት በማሰሪያ አንቀጽ ከተነገረው ይቀድማል። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ረዳቱ መቆሚያውን አስገብቶ ከመኪናው ሥር ገባ።
2. ረዳቱ ከመኪናው ሥር ገብቶ መቆሚያውን አስገባ።

ሁለቱም በሰዋስው ረገድ ትክክል ናቸው፤ ቃላታቸውም ተቀራራቢ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን አንብቦ የሚሠራ ሰው በደኅና ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሁለተኛውን አንብቦ የሚሠራው በክሪክ ብቻ ከተንጠለጠለ መኪና ሥር ይገኛል። ስለዚህ የሥራ ቅደም ተከተል ስትጽፉ ከቦዝ አንቀጽና ከማሰሪያ አንቀጽ የትኛው ለየትኛው ድርጊት እንደሚገባ መርምሩ። ጥርጣሬ የሚያስነሣ ሲሆን «ከ... በኋላ»፣ «ከ... በፊት»፣ «ሳይ...» በሚሉት አጠናክሩት። ምሳሌ፦ «መቆሚያው ሳይገባ ማንም ከሥር አይግባ።»

የሥራ መግለጫ በትእዛዝ አንቀጽ («ዳዶውን ፍታ») ወይም በተገብሮ («ዳዶው ይፈታል») ሊጻፍ ይችላል። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙ እንጂ አታደባልቁ።

መ/ መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በትክክለኛ ቅደም ተከተላቸው ጻፉ፤ ለምን እንዳስቀደማችሁም ከእያንዳንዱ ጎን አስረዱ።
ሀ. ዳዶው በተወሰነው መጠን ይጠብቃል።
ለ. መኪናው በክሪክ ይነሣል።
ሐ. አዲስ ሽቦ ገብቶ ይታጠፋል።
መ. የኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረግባቸዋል።
ሠ. መኪናው በሜዳ ላይ በዝግታ ይሞከራል።
ረ. ከአክሱ ሥር መቆሚያ ይገባል።

2. «ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም» የሚለውን አነጋገር በሁለት ዐረፍተ ነገር አብራሩ። «እንጂ» በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ምን ሥራ ይሠራል?

3. ከምንባቡ አምስት ቦዝ አንቀጾችን አውጥታችሁ የእያንዳንዱን ማሰሪያ አንቀጽ ጻፉ።

4. ምንባቡ «መሪው በእጅህ ይኖራል፤ መኪናው ግን በእጅህ አይኖርም» ይላል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል የመሪውን አሠራር በመጥቀስ ግለጹ።

5. ሾፌሩ የአንድ ቀን ገቢ አጥቷል። መካኒኩ ብየዳውን እሺ ብለው ቢሆን ኖሮ ተጠያቂው ማን ይሆን ነበር? በክፍል ውስጥ በሁለት ወገን ሆናችሁ ተከራከሩ።

ሠ/ ድርሰት

በአካባቢያችሁ ጥንቃቄ የሚጠይቅ አንድ ሥራ ምረጡ። የጉድጓድ ውኃ ቁፋሮ፣ የቤት ክዳን መምታት ወይም የወፍጮ መኪና ማስነሣት ሊሆን ይችላል። ሥራውን ወደሚያውቅ ሰው ሄዳችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ እያንዳንዱን ድርጊት በተራው መዝግቡ፤ «ይህ ቢዘለል ምን ይመጣል?» ብላችሁም ለእያንዳንዱ መልሱን ያዙ። ከዚያ በሦስት አንቀጽ ጻፉት፤ በመጀመሪያው ሥራውንና አደጋውን አስተዋውቁ፤ በሁለተኛው ቅደም ተከተሉን ግለጹ፤ በሦስተኛው ሥራው በትክክል መፈጸሙ የሚታወቅበትን ምልክት አሳዩ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አስነብቡት። እርሱ «ከዚህ ቀጥሎስ?» ብሎ የጠየቀበት ቦታ፣ ድርሰታችሁ የጎደለበት ቦታ ነው።