በጥቅጥቅ ሰፈር የተፈጥሮ ሀብት ግምገማ፦ የአንዋር መስጊድ አካባቢና የአዲስ አበባ የረጅም ጊዜ ፕላን

ለከተማ የረጅም ጊዜ ፕላን የሚደረግ የተፈጥሮ ሀብት ግምገማ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሳተላይት ምስል ነው። ደን፣ ሣር፣ የውኃ አካልና ግንባታ በቀለም ይለያሉ፤ አረንጓዴ ያልሆነው «የተገነባ» ተብሎ ይታለፋል። ዘዴው ለእንጦጦ ተዳፋትና ለጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ይስማማል። በመርካቶ ውስጥ ወዳለው የአንዋር መስጊድ ሰፈር ሲደረስ ግን ካርታው ወጥ ግራጫ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ግራጫው ቀለም የሚሸፍነውን ይመረምራል።

በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከመሬቱ 30 በመቶውን ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶውን ለሕንፃ ያውላል። ምጥጥኑ በመላው ከተማ ደረጃ ሲሰላ የዳርቻው ተራራ የመሀሉን ጉድለት በቁጥር ይሸፍናል። ይሁን እንጂ የእንጦጦ ዛፍ በመርካቶ ለሚነግድ ሰው ጥላ አይሆነውም፤ የሰፈሩንም ጎርፍ አያስቀርም።

የአካባቢው ቀዳሚ ሀብት ዝናብ ነው። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም በክረምት ይወርዳል። በዚህ ስሌት 1 ሄክታር የቆርቆሮ ጣሪያ 12,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይቀበላል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 9,600 ሜትር ኩብ ይተርፋል። ከተማዋ የመጠጥ ውኃዋን ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች በብዙ ወጪ ስታመጣ፣ የመርካቶ የጣሪያ ውኃ ከሀብት ዝርዝር ውስጥ አይገባም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚህ ሲዛወር የተዘረጋው ቀጥ ያለ የጎዳና መረብ፣ ዛሬ በከባድ ዝናብ ጊዜ እንደ ቦይ ያገለግላል።

ውኃው የገበያውን ጥራጊና የተሽከርካሪ ዘይት ይዞ ወደ ትንሹ አቃቂ ገባሮች ይወርዳል፤ ወንዙም አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። በመንገዱ ላይ በወንዙ ውኃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። የአባ ሳሙኤል ረግረግም ከሰሜን የሚመጡ ስደተኛ ወፎች የሚከርሙበት ነው። እንግዲህ የረግረጉ ጤና የሚመዘነው በረግረጉ ዳር ብቻ ከሆነ መለኪያው ዘግይቷል። የግምገማው ወሰን ተፋሰሱ ሊሆን ይገባል፤ የክፍለ ከተማ ድንበር ለአስተዳደር እንጂ ለውኃ አልተሰመረም።

የዱር እንስሳት መኖሪያም በዛፍ ቁጥር ብቻ አይገመትም። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትገኘው ነጭ አንገትጌ ያላት ርግብ በተፈጥሮዋ ጎጆዋን ገደል ላይ ትሠራለች፤ በከተማ የድንጋይ ሕንፃ ጠርዝና የጣሪያ ሥር ገደሉን ይተኩላታል። በመስታወት የተለበጠ ፎቅ ያን ጠርዝ አይሰጣትም። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ የተመደበው ትንሹ ጥንብ አንሳም በአዲስ አበባ ከቄራና ከቆሻሻ በሚገኝ ትራፊ ይኖራል። መርካቶ ሲታደስ የአሮጌ ሕንፃዎች ጠርዝና የሥጋ ትራፊ አወጋገድ ከመኖሪያ ዝርዝር ውስጥ መግባታቸው ለአንዳንድ ፕላነር እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ወፎቹ ግን የሚኖሩት እዚያ ነው።

ምናለሽ ተራ የራሱ ጥናት የሚሻ ጉዳይ ነው። ብረት፣ ፕላስቲክና ጣውላ እዚያ ተለይተው እንደገና ወደ ሥራ ይገባሉ፤ በየዓመቱ ስንት ቶን ከቆሻሻ መጣያ እንደሚያስቀር መለካት አለበት። ፕላኑ በጸደቀበት ዓመት፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎች መሞታቸው ሲታሰብ ልኬቱ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

ለማነጻጸሪያ የሚረዳው ከ2008 እ.ኤ.አ. ሐሳብ የተነሣው የሲንጋፖር የከተማ ብዝኃ ሕይወት መለኪያ ነው። መለኪያው አንድን ከተማ ከሌላው ጋር ከማወዳደር ይልቅ ከራሱ መነሻ ዓመት ጋር ያነጻጽራል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ 28 አመልካቾች አሉት። የአሁኑ ፕላን ዘመን በ2027 እ.ኤ.አ. ያበቃል። ስለዚህ ለቀጣዩ ፕላን የሚያገለግለው መነሻ ልኬት ከዚያ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በበጋ መጨረሻና በነሐሴ፣ መወሰድ ይኖርበታል፤ የጣሪያ ስፋት፣ በቦዮቹ መውጫ ያለው የውኃ ጥራትና የጎጆዎች ቆጠራ በአንድ ካርታ ላይ ሊሰፍሩ ይገባል።