የቪዲዮ ጌም መሣሪያን ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት፦ ሶኬቱን ከመሰካታችን በፊት ምን እንመርምር?

በዘመድ እጅ ከውጭ አገር የሚመጣ የቪዲዮ ጌም መሣሪያ በከተሞቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። በጨዋታ ቁጥር ወይም በሰዓት የሚያስከፍሉ ጌም ቤቶችም ለአንዳንድ ወጣቶች የዕለት ገቢ ምንጭ ሆነዋል። ይሁን እንጂ ከአሜሪካ ተልኮ ንፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ የደረሰ መሣሪያ፣ ሶኬት ላይ በተሰካበት ቅጽበት ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ይህ ለምን ይሆናል? መሣሪያው ቢተርፍስ ሥዕሉ አንዳንድ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ የሚታየው በምን ምክንያት ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠትና ትክክለኛውን የአገጣጠም ቅደም ተከተል ማሳየት ነው።

አጭር ታሪክ

ቴሌቪዥን ሥርጭት ከመቀበል ሌላ ምን ሊሠራ ይችላል የሚለውን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1966 አንሥቶ መሥራት የጀመረው ራልፍ ቤር የተባለ መሐንዲስ ነበር። የጥረቱ ውጤት ማግናቮክስ ኦዲሲ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ ቀርቦ የመጀመሪያው የቤት ውስጥ ቪዲዮ ጌም መሣሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ በዓለም ዙሪያ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

የመጀመሪያው ስምምነት፦ የኤሌክትሪክ ኃይል

በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በአሜሪካ 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው። እነዚህ ቁጥሮች አማካይ ውጤትን የሚገልጹ በመሆናቸው ከፍተኛውን ጫፍ ለማግኘት በ1.41 ማባዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ የአሜሪካው ጫፍ ወደ 170 ቮልት፣ የእኛው ግን ወደ 310 ቮልት ይደርሳል።

የመሣሪያው የኃይል ክፍል ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ቀይሮ ካፓሲተር በሚባል ዕቃ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ለ120 ቮልት ብቻ በተሠራ መሣሪያ ውስጥ የሚገባው ካፓሲተር አብዛኛውን ጊዜ እስከ 200 ቮልት የሚችል ነው። 310 ቮልት ሲመጣበት ይግላል፣ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። እንግዲህ ጉዳቱ የሚደርሰው ማንም ቁልፍ ሳይነካ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ስምምነት፦ የሥዕሉ ሥርዓት

ኢትዮጵያ በአናሎግ ቴሌቪዥን የተከተለችው ፓል የተባለውን ሥርዓት ሲሆን አሜሪካና ጃፓን ኤንቲኤስሲን ተጠቅመዋል። ፓል አንድን ሥዕል በ625 መስመሮች ይከፍላል፤ በሰከንድም 25 ሥዕሎች ያሳያል። ኤንቲኤስሲ 525 መስመሮችና 30 ገደማ ሥዕሎች አሉት። ስናባዛቸው የመጀመሪያው በሰከንድ 15,625፣ ሁለተኛው 15,750 ገደማ መስመሮች ይሰጣሉ። ሁለቱ እጅግ የተቀራረቡ ስለሆኑ የፓል ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ የኤንቲኤስሲን ሥዕል መያዝ አያቅተውም። ቀለሙ ግን በፓል በ4.43 ሜጋሄርዝ፣ በኤንቲኤስሲ በ3.58 ሜጋሄርዝ ስለሚጓዝ ቴሌቪዥኑ ቀለሙን አያገኘውም። ጥቁርና ነጭ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ነገሩን በቅርብ ምሳሌ እንመልከተው። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የታወቀች የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የድጓው ቃል አንድ ሆኖ ሳለ የቤተ ልሔምና የአጫብር ዜማ ይለያያሉ። አንደኛውን ብቻ የለመደ ጆሮ በሌላው ሲዜም ቃሉን ቢለይም ዜማውን መከተል ያዳግተዋል። የፓል ቴሌቪዥንም እንዲሁ የሥዕሉን ብርሃንና ጥላ እንደ ቃሉ ይለያል፤ ቀለሙ ግን እንዳልለመደው ዜማ ያመልጠዋል።

የአገጣጠም ቅደም ተከተል

1. ከሁሉ አስቀድሞ በመሣሪያው ጀርባ ወይም በአዳፕተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ያለ ሥጋት ይሰኩት። 120 ብቻ የሚል ከሆነ 220ን ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

2. የትራንስፎርመሩ አቅም ከመሣሪያው ፍላጎት ይብለጥ። ለምሳሌ 80 ዋት ለሚፈልግ መሣሪያ 120 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ይምረጡ። ትራንስፎርመር ሄርዙን አይለውጥም፤ ኃይሉ ውስጥ ገብቶ ወደ ቀጥተኛ ስለሚቀየር ይህ አያሳስብም።

3. ሁለቱም ዕቃዎች እንደጠፉ ገመዶቹን ያገናኙ። ቢጫው ለሥዕል፣ ነጩ ለግራ ድምፅ፣ ቀዩ ለቀኝ ድምፅ ነው። የሚሰኩት በቴሌቪዥኑ መግቢያ እንጂ በመውጫው አይደለም። ቴሌቪዥኑ አንድ የድምፅ ቀዳዳ ብቻ ካለው ነጩን ይሰኩ።

4. ቴሌቪዥኑን ከፍተው በሪሞቱ ኤቪ የሚለውን ይምረጡ፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ያብሩ።

5. ቀለም ከሌለ የቴሌቪዥኑን የቀለም ሥርዓት ከፓል ወደ ኤንቲኤስሲ ወይም ራሱ እንዲመርጥ ወደሚያደርገው ይቀይሩ።

6. መብራት ሲሄድ መሣሪያውን ከሶኬቱ ይንቀሉ። መብራቱ ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል ጥቂት ደቂቃዎች ቆይተው ይሰኩ።

በኤችዲኤምአይ የሚገናኙ አዳዲስ መሣሪያዎች ሥዕልና ድምፅን በአንድ ገመድ፣ በቁጥር መልክ ስለሚልኩ የፓልና የኤንቲኤስሲ የቀለም ልዩነት አያስቸግራቸውም። የቮልቱ ጉዳይ ግን በገመድ ዓይነት አይፈታም። ስለዚህ መሣሪያው አሮጌም ይሁን አዲስ የመጀመሪያው ሥራ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ። የተበላሸ ቀለም በሪሞት ይስተካከላል፤ የተቃጠለ የኃይል ክፍል ግን አይመለስም።